የውስጥ እግር ኪንታሮት፦ አዲስ አገር ለገባችሁ

ከአዲስ አበባ በወጣችሁ በጥቂት ወራት ውስጥ ስትረግጡ የሚቆረቁራችሁ ጠንካራ ነገር እግራችሁ ሥር ካገኛችሁ፣ አዲሱ ጫማ ነው ብላችሁ አትለፉት። የውስጥ እግር ኪንታሮት የሚመጣው ኤችፒቪ በሚባል ቫይረስ ነው። በተሰነጠቀ ተረከዝ ወይም በትንሽ ጭረት ይገባና ሳይታይ ወራት ሊቆይ ይችላል። ፍልውሃ ስትገቡ ነጠላ ጫማ እንደምታደርጉ ሁሉ፣ በጋራ መኖሪያና በጂም መታጠቢያም አድርጉ።

መጀመሪያ ለዩት። የቆዳ መስመሮች ኪንታሮቱ ጋ ሲደርሱ ይቋረጣሉ። ላዩ ፋቅ ሲደረግ ጥቋቁር ነጠብጣብ ይታያል፤ ይህ ደም የረጋባቸው ቀጫጭን የደም ሥሮች ናቸው። ጫማ ፈትጎት የደደረ ቆዳ ቀጥ አድርገው ሲጫኑት ያማል፤ ኪንታሮት ግን ከግራና ከቀኝ ቆንጠጥ ሲያደርጉት ይብሳል። «ሥሩን ልንቀለው» ብሎ በምላጭ መቁረጥ ክፉ ልማድ ነው፤ ይመረቅዛል፣ ቫይረሱም ወደ ጤነኛው ቆዳ ይዛመታል።

መድኃኒቱ ሳሊሲሊክ አሲድ ነው። ፒያሳ ፋርማሲ ገብታችሁ ባለሙያውን እንደምትጠይቁት እዚያም ያለ ሐኪም ማዘዣ ታገኙታላችሁ፤ በአሜሪካ ለፕላንታር ዋርት፣ በእንግሊዝ ለቬሩካ በሉ። አሜሪካ ውስጥ ፈሳሹ 17%፣ ፕላስተሩ 40% ነው። በመንገደኛ የተላከ፣ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት ቅባት ግን አትንኩ።

ማታ ማታ እግራችሁን ለብ ባለ ውሃ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ዘፍዝፉና አድርቁ። የነጣውን የሞተ ቆዳ በወረቀት ሞረድ ቀስ ብላችሁ ፋቁ፤ ሲያም አቁሙ። ሞረዱ ሌላ ቦታ አይነካም፣ ለሌላ ሰውም አይሰጥም። ዙሪያውን ቫዝሊን ቀቡ፤ ፈሳሹን ኪንታሮቱ ላይ ብቻ አድርጉና ሲደርቅ ሸፍኑት። የ40% ፕላስተር ከሆነ በኪንታሮቱ ልክ ቆርጣችሁ ለጥፉ፤ የሚለወጠው በየ48 ሰዓቱ ነው።

ሕክምናው እስከ 12 ሳምንት ይወስዳል። ብዙ ሰው ሕመሙ ሲቀንስ ይተወዋል፣ ኪንታሮቱም ይመለሳል። ነጠብጣቡ ጠፍቶ የቆዳው መስመር እስኪገጥም ቀጥሉ። ሳይፋቅ ከተቀባ መድኃኒቱ የሞተው ቆዳ ላይ ይቀራል። ከቆሰለ ጥቂት ቀን አሳርፉት።

ስኳር ያለበት፣ እግሩ የሚደነዝዘው ወይም ደም በደንብ የማይዘዋወርለት ሰው ይህን በራሱ አይሞክር። ነፍሰ ጡርም ቀድማ ትጠይቅ። የልጆች ኪንታሮት ካላመማቸው ቢተውም ችግር የለም፤ አብዛኛው በሁለት ዓመት ውስጥ በራሱ ይጠፋል።

ሐኪም በፈሳሽ ናይትሮጅን ሲያቀዘቅዘው ውሃ ሊቋጥር፣ ጥቁር ቆዳ ላይም የነጣ ወይም የጠቆረ ምልክት ሊተው ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ በየ2 እና 3 ሳምንቱ ስለሚደገም፣ በአሜሪካ ኢንሹራንሳችሁ እያንዳንዱን ቀጠሮ ይሸፍን እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከ12 ሳምንት በኋላ ካልተሻለ፣ ከደማ ወይም የሚሰፋ ጥቁር ምልክት ካያችሁ ለሐኪም አሳዩ። ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ጥቁር ሰው ላይ ሲከሰት ብዙ ጊዜ የሚወጣው ውስጥ እግር ላይ ነው፤ ኪንታሮት መስሎም ሊታለፍ ይችላል።