የሳንባ ደም ግፊት ባለባቸው አረጋውያን የልብን ቧንቧ ስንረሳ

በጣም የሚያንገበግበኝን ስህተት ላስቀድም። ካርዱ ላይ አንዴ «የሳንባ ደም ግፊት» (ከልብ ወደ ሳንባ ደም በሚወስዱ ቧንቧዎች ውስጥ ግፊት ሲበዛ) ተብሎ ከተጻፈ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ትንፋሽ ማጠር ሁሉ በእሱ ይላከካል። አዛውንቱ ደክሟቸው ይመጣሉ፤ የሚያሸናው መድኃኒት ይጨመርላቸዋል። ብሶባቸው ይመለሳሉ፤ አሁንም ይጨመራል። ልብን የሚመግቡት ቧንቧዎች ጠበው ይሆን ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ኧረ እባካችሁ! ሲጋራ ሳንባንም ያበላሻል፣ የልብን ቧንቧም ያጠባል። የቧንቧው መጥበብ ግራ ልብን ካደከመው ደግሞ የሳንባው ግፊት ራሱ ይጨምራል። ለሳንባ ደም ግፊት ከሁሉ የበለጠ የተለመደው መነሻ የግራ ልብ ሕመም ነው።

አረጋውያን፣ በተለይ ስኳር ያለባቸው፣ ሁልጊዜ «ደረቴን ወጋኝ» አይሉም። አንዲት እናት ድካም ነው እንጂ ሕመም የለኝም ብለው ድርቅ አሉ። «ደረጃ ሲወጡስ?» ሲባሉ መንጋጋቸውን ያዝ አደረጉና «እዚህ ጋ ጨምድዶ ይይዘኛል፤ ቁጭ ስል ይለቀኛል» አሉ። ጥያቄው «ያምዎታል?» ብቻ ከሆነ ይህን አትሰሙም። ምን ሲያደርጉ እንደሚጀምር፣ በምን እንደሚተው ጠይቁ።

በተቃራኒው የሚሳሳቱም አሉ። ኢሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ላይ፣ ደረት ላይ በሚለጠፉት ከቪ1 እስከ ቪ4፣ የቲ ሞገድ ተገለበጠ፣ ትሮፖኒን (ልብ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን) ትንሽ ከፍ አለ፣ በቃ የልብ ቧንቧ ተዘጋ ይላሉ። ጫና የበዛበት ቀኝ ልብም ሁለቱንም ያሳያል። ከበፊቱ ኢሲጂ ጋር አስተያዩት፤ ትሮፖኒኑንም ከሰዓታት በኋላ ድገሙትና እየወጣ መሆኑን እዩ። የደረት ሕመሙም ቢሆን ቧንቧው ከውስጥ ሳይጠብ ሊመጣ ይችላል። አንዳንዴ የሰፋው የሳንባ ደም ቧንቧ ዋናውን የግራ ልብ ቧንቧ ከውጭ ይጫነዋል።

አሁን ደግሞ ሰው የሚገድለው ስህተት። ደረታቸውን ላመማቸው ሰው ናይትሮግሊሰሪን (የደም ቧንቧን የሚያሰፋ መድኃኒት) ከምላስ ሥር ከማድረጋችሁ በፊት ለሳንባው ምን እንደሚወስዱ ጠይቁ። ከሳንባ ግፊት መድኃኒቶች ውስጥ ሲልደናፊል ከወሰዱ 24 ሰዓት፣ ታዳላፊል ከወሰዱ 48 ሰዓት ሳይሞላ ናይትሮግሊሰሪን አይሰጥም። ሪዮሲጓት የተባለውን ሌላ የሳንባ ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ናይትሮግሊሰሪን ጭራሽ አይነካም። የሰውነታቸው የደም ግፊት በደቂቃዎች ውስጥ ዘጭ ይላል። ያበጠው ቀኝ ልብ ደም የሚያገኘው በዚያው ግፊት ነው፤ ግፊቱ ሲወርድ ልቡም አብሮ ይወድቃል። «የሳንባ መድኃኒት» የሚል መልስ አይበቃም። ፓኬቱ ይምጣና ስሙ ይነበብ። ቤተሰብም ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ቤታ ብሎከርን (የልብን ምት የሚያዘገይ መድኃኒት) በልማድ በሙሉ መጠን መጀመርም ጥሩ አይደለም። የደከመ ቀኝ ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ውስን ስለሆነ የሚተማመነው በምቱ ፍጥነት ነው። የግድ ካስፈለገ በትንሹ ተጀምሮ በክትትል ይጨመር።

የደም ማቅጠኛ ለሚወስዱ ሰዎች ስቴንት (የጠበበውን ቧንቧ ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ ቱቦ) ከመግባቱ በፊት ስለ መድማት አስቡ።

የመጨረሻው፣ የልብ ቧንቧ ጥርጣሬ እያለ የቀኝ ልብ ካቴተር (ቀጭን ቱቦ አስገብቶ የልብና የሳንባ ግፊትን መለካት) ብቻ ሠርቶ መውጣት ነው። ከተቻለ አንጂዮግራፊውም (የልብን ቧንቧዎች በቀለም የሚያሳየው ምርመራ) በዚያው ቀን ይሠራ፤ ለሽማግሌ ሰው ሁለቴ መመላለስ ቀላል አይደለም። የካቴተሩንም ቁጥሮች አብራችሁ አንብቡ። አማካዩ የሳንባ ግፊት ከ20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ ከሆነ በሽታው አለ ማለት ነው። የዌጅ ግፊቱ (በግራ ልብ በኩል ያለውን ግፊት የሚጠቁመው ቁጥር) ከ15 በላይ ከሆነ ግን ጣጣው የመጣው ከግራ ልብ ነው። እንዲህ ላለ ሰው የሳንባ ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት መስጠት ሳንባውን በውኃ ሊያጥለቀልቀው ይችላል።