የሐዋሳን ውኃ በሒሳብ ለማጥናት ለሚነሡ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐዋሳ ተቀምጦ በአፕላይድ ማቲማቲክስ ሁለተኛ ዲግሪውን የሚማር ሰው የጥናት ርዕስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለበትም። ሐይቁ እደጅ ነው፤ ጥቁር ውሃ ወንዝ የጨለለቃን ረግረግ አቋርጦ ይገባበታል፤ የከተማው ጎርፍም እዚያው ይወርዳል። ሒሳቡ ለዚህ ውኃ በእውነት እንዲሠራለት ስለምሻ፣ ጥናቱን ከጅምሩ የሚያበላሹትን ስህተቶች ልዘርዝር።

የመጀመሪያው እኩልታውን አስቀድሞ መርጦ ውኃውን በኋላ መፈለግ ነው። ተማሪው የብክለት ስርጭት እኩልታን ያነሣል፣ ጎኑ 1 በሆነ ካሬ ላይ ይፈታዋል፣ ከዚያ ርዕሱ ላይ “በሐዋሳ ሐይቅ” ብሎ ይጨምራል። ያ መልስ ለየትኛውም ሐይቅ ይሆናል፤ ስለዚህ ለሐዋሳ የሚነግረው ነገር የለም። መነሻችሁ አንድ ሰው በእርግጥ የሚጠይቀው ጥያቄ ይሁን፦ ሐይቁ ሲሞላ ውኃው እስከ የት ይደርሳል? ከከተማው ቦይ የሚገባው ቆሻሻ በየትኛው ዳርቻ ይከማቻል? እኩልታው ከጥያቄው ኋላ ይመጣል።

ሁለተኛው፣ በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው፣ መውጫ ላለው ሐይቅ የተሠራን ሞዴል እንዳለ መቅዳት ነው። ጣና በዓባይ በኩል ይፈሳል፤ ሐዋሳ ግን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። ይህን የሚያውቅ ተማሪ የመውጫውን ቁጥር ይሰርዝና ዝናብን፣ ገቢ ውኃንና ትነትን ብቻ ይዞ ይቀጥላል። እዚህ ላይ ሌላ ስህተት ይወለዳል። ውኃ ሲተን ጨዉ እዚያው ይቀራል፤ ስለዚህ ውኃ በትነት ብቻ የሚወጣበት ሐይቅ በዘመናት ብዛት ጨዋማ መሆን አለበት። ሻላና አብጃታ እንደዚያ ናቸው። ሐዋሳ ግን ጨዋማ አይደለም። እንግዲያው ጨዉን ይዞ በከርሰ ምድር የሚሰርግ ውኃ አለ ማለት ነው። ሞዴላችሁ ይህን ካላካተተ ሐይቁ ራሱ ይቃወመዋል።

መፍትሔው ሁለት የሚዛን እኩልታዎችን ጎን ለጎን መጻፍ ነው፤ አንዱ ለውኃው፣ አንዱ ለጨዉ። የውኃውን ብቻ ከጻፋችሁ ስርገቱ የሚሰላው በቀሪ ሂሳብ ይሆናል፤ የዝናቡም የትነቱም የመለኪያ ስህተት ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል። የጨዉ እኩልታ ሲጨመር ስርገቱን የሚቆጣጠረው ሁለተኛ ምስክር ይገኛል። ይህን ብቻ በወጉ የሠራ ተማሪ ለኔ ጥሩ ጥናት ሠርቷል።

የመለኪያ አሃድ ማደባለቅ ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ያበላሻል። ትነት በሚሊ ሜትር፣ ወንዝ በሰከንድ ሜትር ኩብ፣ የሐይቁ ስፋት በካሬ ኪሎ ሜትር ይሰጣችኋል። ሐይቁ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሚሰፋ 1 ሚሊ ሜትር ውኃ 90,000 ሜትር ኩብ ነው። በሰከንድ 1 ሜትር ኩብ የሚያፈስ ወንዝ ደግሞ በቀን 86,400 ሜትር ኩብ ያስገባል። ማለትም ሐይቁን በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ያነሣዋል። ይህን ቁጥር በቃላችሁ ያዙት፤ ኮምፒውተሩ የሚያወጣውን ስህተት በዓይን ለመያዝ ይበቃል።

በግሪድ ላይ፣ ማለትም ሐይቁን በትናንሽ ካሬዎች ከፋፍሎ፣ የሚሰላ የማዕበል ሞዴል ሲሠራ ደግሞ የጊዜ እርምጃን ማስረዘም አለ። ጥልቀቱ 10 ሜትር በሆነበት ቦታ ረጅም ማዕበል በሰከንድ 10 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የአንዱ ካሬ ጎን 100 ሜትር ከሆነ፣ ኤክስፕሊሲት በሚባለው ዘዴ (ቀጣዩን ቁጥር በቀጥታ ካለው ቁጥር በሚያሰላው) እርምጃው ከ10 ሰከንድ ማለፍ የለበትም፤ የሒሳብ ሊቃውንቱ ኩራንት፣ ፍሪድሪክስና ሌዊ በ1928 እ.ኤ.አ. ያስቀመጡት ገደብ ነው። ካለፈ ቁጥሩ ይዘላል፤ ያንን ዝላይ የነፋስ ውጤት ነው ብሎ ማብራሪያ መጻፍ ከባድ ጥፋት ነው።

የዝናብ ቀንንም አትርሱ። በጣቢያ የሚመዘገበው የዝናብ መጠን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይለካል፤ ስለዚህ አብዛኛው የትናንት ዝናብ ነው። ከሳተላይት መረጃ ጋር ቀኑን ሳታስተካክሉ ካነጻጸራችሁት ሁለቱ የማይስማሙ ይመስላችኋል።

ሞዴሉን ባስተካከሉበት መረጃ መልሶ መፈተንም የተለመደ ስህተት ነው፤ ዓመታቱን ለሁለት ክፈሉ፣ በአንዱ አስተካክሉ፣ በሌላው ፈትኑ። ግን ይህም ለሐይቅ አይበቃም። ብዙዎች የሞዴልን ጥራት የሚመዝኑበት የናሽና ሰትክሊፍ መለኪያ፣ በ1970 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ሞዴሉን የሚያወዳድረው ከአማካዩ ጋር ነው፤ ፍጹም ውጤቱ 1 ነው። የሐይቅ ከፍታ ግን ከቀን ወደ ቀን እጅግ በዝግታ ይለወጣል። “ዛሬም እንደ ትናንቱ ነው” የሚል ግምት ብቻ ወደ 1 የሚጠጋ ውጤት ያገኛል። የቀን ትንበያችሁን መጀመሪያ ከዚህ ግምት ጋር አወዳድሩት፤ ካላሸነፈው ገና አልሠራም።

በመጨረሻ የመረጃ ነገር። ለሚቲዎሮሎጂና ለውኃ መሥሪያ ቤቶች የሚጻፈውን የትብብር ደብዳቤ ኮርሱ እስኪያልቅ አታቆዩት፤ በመጀመሪያው ሴሚስተር ከአማካሪያችሁ ጋር አውጡት። መረጃው ሲመጣ ክፍት ቦታዎች ይኖሩታል። ያልተለካ ቀንን በዜሮ መሙላት ድርቅ መፍጠር ነው። የሞላችሁትን በምን ዘዴ እንደሞላችሁ ጻፉ፣ ከተለካው በሌላ ቀለም ለዩት፣ የውኃ ምህንድስና መምህር ዘንድም ወስዳችሁ አሳዩት።