ፋኑ እየዞረ መብራቱ ለምን ይግላል?
ባለ 600 ዋት የሶዲየም አምፖል በመስታወት በተዘጋ ሽፋን ውስጥ ነው፤ ሙቀቱን በቱቦ የሚያስወጣ ፋን ተገጥሞለታል። ፋኑ ይዞራል፣ መስታወቱ ግን እጅ አያስነካም፤ በቱቦው ጫፍ የተያዘ ወረቀት እንኳ በቅጡ አይንቀሳቀስም። ጥፋቱ የፋኑ ዓይነት ነበር። ተራ ባለ ክንፍ ፋን በክፍት ቦታ ብዙ አየር ይነዳል፤ ረጅምና ጠማማ ቱቦ ሲገጥመው ግን ግፊት ያጥረዋል። በሴንትሪፉጋል የቱቦ ፋን (አየሩን ከመሃል ወደ ዳር እየወረወረ ግፊት በሚፈጥር) ሲተካ ተስተካከለ።

የሚያስፈልገውን የአየር መጠን ለማወቅ ዋቱን በ3 አባዝቶ፣ አየሩ እንዲጨምር በሚፈቀደው ዲግሪ ሴልሺየስ ማካፈል ነው፦ 600 × 3 ÷ 10 = በሰዓት 180 ሜትር ኩብ። ቱቦውና የአየር ማጣሪያው (ካለ) ስለሚቀንሱት በሰዓት 300 ሜትር ኩብ ገደማ የተጻፈበት ፋን ይመረጥ።

ቱቦው 150 ሚሊሜትር ስፋት ኖሮት በደንብ ይወጠር፤ የተሸበሸበ ቱቦ ጥሩውንም ፋን ያንቃል። ፋኑ ከመብራቱ በኋላ ተገጥሞ ሲስብ፣ በስንጥቅ የሚያልፈው የክፍሉ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ ትኩሱ አይወጣም። ሞተሩ ግን ያን ሙቀት መቻሉ አስቀድሞ ይታይ።