«ዋይድ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በቦታው እንዴት መጠቀም ይቻላል

አንድ ጊዜ የአለቃዬን ትዕግሥት ለውጭ አገር እንግዳ ላስረዳ ፈለግሁ። «ሆደ ሰፊ ሰው ነው» ለማለት አስቤ ቃል በቃል ገለበጥሁትና ሆዱ ዋይድ ነው አልሁ። እንግዳው አለቃዬን ከላይ እስከ ታች አየው። አለቃዬ እንደ ሸንበቆ ቀጭን ነው። ሦስታችንም ዝም አልን።

የእኛ «ሰፊ» ብዙ ሸክም የሚችል ቃል ነው (ልብስ ሰፊውን ሳንቆጥር)። ቤቱ፣ እርሻው፣ ሱሪው፣ ጊዜው፣ እውቀቱ፣ ሕዝቡ ሁሉ ሰፊ ነው። እንግሊዝኛ ይህን ሸክም ለብዙ ቃላት አከፋፍሎታል፤ ለዋይድ የደረሰው ከዚያ አንዱ ድርሻ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ከጎን እስከ ጎን ይለኩ

ሜትርዎን ከግራ ወደ ቀኝ ሊዘረጉበት የሚችሉት ነገር ዋይድ ይባላል፤ መንገድ፣ ወንዝ፣ በር፣ ጠረጴዛ። ሰፊ ቤት ግን ስፔሸስ ነው፤ ቃሉ ከከበደዎት ቢግ ይበሉት። ዋይድ ቤት ካሉ የሚሰማዎት ሰው የፊት ለፊቱ ግድግዳ የረዘመ ቤት ይታየዋል። ወገቡ አልይዝ ያለ ሱሪ ሉዝ ነው። ዋይድ ሱሪ የሚባለው እግሩ እንደ ድሮ ቦላሌ የተንቦረቀቀው ነው። ሰፊ ጊዜን ደግሞ በዋይድ ጨርሶ አይሞክሩት፤ ፕለንቲ ኦፍ ታይም ይባላል።

ቁጥር ሲመጣ «አለው»ን ይተዉ

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ነው። በአማርኛ «መንገዱ 10 ሜትር ስፋት አለው» ስለምንል፣ በእንግሊዝኛም ሃዝ ብለን ጀምረን በዋይድ እንጨርሳለን። አይሆንም። ትክክለኛው «ዘ ሮድ ኢዝ ቴን ሚተርስ ዋይድ» ነው። ግሱ «ነው» ነው፤ ቀጥሎ ቁጥሩ፣ ከዚያ መለኪያው፣ በመጨረሻ ቅጽሉ ይመጣል። «አለው» ካላልሁ የሚል ሰው ቅጽሉን ጥሎ ስሙን ይያዝ፦ «ሃዝ ኤ ዊድዝ ኦፍ ቴን ሚተርስ»። ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን የመሐንዲስ ሪፖርት ይመስላል። ስሙን ሲጠሩ አናባቢው እንደሚለወጥ ልብ ይበሉ፤ ዋይድ የነበረው ዊድ ብሎ ያጥራል፣ መጨረሻው ላይም የምላስ ጫፍ በጥርሶች መካከል ይወጣል። በፊደላችን ዝ ብለን የጻፍነው ሌላ አማራጭ ስላጣን ነው።

ሙሉው ሐረግ ከስም በፊት ሲገባ ደግሞ የብዙ ቁጥር ምልክቱ ይወድቃል፦ «ኤ ቴን ሚተር ዋይድ ሮድ»። ሚተርስ ሳይሆን ሚተር ነው፤ ሲጻፍም ሦስቱ ቃላት በሰረዝ ይያያዛሉ። ለመጠየቅ «ሀው ዋይድ ኢዝ ኢት?» በቂ ነው።

ከብሮድ ጋር አያምታቱት

ብሮድም ሰፊ ነው። ለመንገድና ለወንዝ ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ በቁጥር ሲለካ ግን ዋይድ ይቀናል። ትከሻና ጀርባ ብሮድ ናቸው፤ የተከፈተ አፍና የፈጠጠ ዓይን ዋይድ። በጠራራ ፀሐይ ተዘረፈ ለማለት ብሮድ ዴይላይት እንላለን እንጂ ዋይድ ዴይላይት የሚል የለም። በደርግ ዘመን በእንግሊዝኛ የወጡ ጽሑፎችም «ሰፊው ሕዝብ»ን ብሮድ ማሲስ ብለው ነበር የሚተረጉሙት።

ለምን ይህ ዋይድ፣ ያ ብሮድ ሆነ ብሎ መመራመር ብዙ አያዋጣም። ሕንድ ውስጥ ሐዲዶቹ በ1,676 ሚሊሜትር የተራራቁት የባቡር መስመር ብሮድ ጌጅ ይባላል፤ የ1 ሜትሩ የድሮው የአዲስ አበባ-ጅቡቲ መስመር ደግሞ ናሮው፣ ማለትም ጠባብ፣ ከሚባሉት ወገን ነበር። አውሮፕላን ላይ ሲደረስ ግን ብሮድ ይቀርና ዋይድ ቦዲ ይሆናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ከእነዚህ አንዱ ነው፤ በመቀመጫዎቹ መካከል ሁለት መተላለፊያ አለው። ቦይንግ 737 አንድ ብቻ ስላለው ናሮው ቦዲ ነው። እንዲህ ያሉትን እንደ ሰው ስም መያዝ ይሻላል።

ስፋት የሌለበትን ዋይድ ይወቁ

«ዋይድ ኦፕን» ማለት ወለል ብሎ የተከፈተ ነው። «ዋይድ አዌክ» ሲባል ደግሞ ምንም የሰፋ ነገር የለም፤ እንቅልፍ ከዓይኑ ጨርሶ የጠፋ ማለት ነው። ሁለቱም ላይ ቃሉ «ሙሉ በሙሉ» የሚለውን ይተካል። በእግር ኳስ ኳሱ ዋይድ ሄደ ከተባለ በግቡ ቋሚ ጎን ወጣ ማለት ነው፤ ከአግዳሚው በላይ የሄደ ኳስ ዋይድ አይባልም።

ከስም ኋላ ሲለጠፍ ደግሞ አማርኛው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፦ «አቀፍ»። ኔሽንዋይድ አገር አቀፍ፣ ወርልድዋይድ ዓለም አቀፍ። በድረ ገጽ አድራሻ መጀመሪያ ላይ ከሚታዩት ሦስት ዳብልዩዎች የመካከለኛዋም ይቺው ዋይድ ናት፤ ቲም በርነርስ-ሊ በ1989 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን ላቀረበበት የመረጃ መረብ ከወጣው ስም፣ ከ«ወርልድ ዋይድ ዌብ»፣ የመጣች።

ጫማ ሲገዙ ይጠቀሙበት

የጫማ ቁጥር የሚናገረው ርዝመትን ነው። በአሜሪካ አለካክ የእግር ስፋት በፊደል ይጻፋል፤ ለወንድ ዲ መካከለኛ፣ ሁለት ኢ ዋይድ ነው። ለሴት መካከለኛው ቢ ሲሆን ዲ ዋይድ ይሆናል። ስለዚህ ከአገር ቤት ጫማ ያዘዘዎት ዘመድ «ቁጥሩ ልክ ነው፣ ግን ጣቴን ይይዘኛል» ካለ፣ ቁጥር ጨምረው አይላኩለት፤ ተረከዙ ይወልቅበታል። ያንኑ ቁጥር በዋይድ ይጠይቁ።