የብዙ ፎቶዎችን ስም በባች ፋይል በአንድ ጊዜ መቀየር

ሐረር ጁገልን ዞሮ፣ ሸዋ በርን፣ ቡዳ በርን፣ ሰንጋ በርን፣ ኤረር በርንና ፈላና በርን ፎቶ አንስቶ የተመለሰ ሰው ኮምፒዩተሩ ላይ የሚያገኘው «ዲኤስሲ_0412» የሚል ዓይነት ስም ብቻ ነው። ዊንዶውስ ላይ በኤክሴልና በኖትፓድ የሚዘጋጅ ባች ፋይል (ኮምፒዩተሩ ተራ በተራ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል) ግን የመቶዎቹን ስም በአንድ ጊዜ ይቀይራል።

ከሁሉ አስቀድሞ የስሙ አጻጻፍ ይወሰን፤ እንደ እኔ ከትእዛዙ ይልቅ የሚያስቸግረው ይኸኛው ነው። ኮምፒዩተር «ሐረር»ንና «ሀረር»ን እንደ ሁለት ቃል ስለሚቆጥር በአንዱ የተሰየመ ፎቶ በሌላው ሲፈለግ አይገኝም። ወር በስሙ ከተጻፈም ሐምሌ ከመስከረም ቀድሞ ይሰለፋል፤ ስለዚህ ዓመቱ ቀድሞ ወርና ቀን በሁለት በሁለት አሃዝ ይጻፉ፣ ጳጉሜንም 13 ተብላ ትገባለች። ቀን ስንጽፍ የለመድነውን / ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ስለማይቀበል በምትኩ አጭር ሰረዝ እንጠቀማለን፤ ክፍት ቦታም አንተውም። ለምሳሌ፦ «ሸዋበር_2016-07-12_001»።

ከዚያ የፎቶዎቹ ቅጂ በሌላ ፎልደር ይቀመጥና በቅጂው ላይ ይሠራ። ከዚህ በታች በፊደል በፊደል የተዘረዘሩት ትእዛዞች በላቲን ፊደል የሚተየቡ ናቸው። በፎልደሩ የአድራሻ መስመር ላይ «ሲ፣ ኤም፣ ዲ» ብለው ኢንተር ሲጫኑ ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ይከፈታል። እዚያ «ዲ፣ አይ፣ አር»፣ ክፍት ቦታ፣ /ቢ፣ ክፍት ቦታ፣ ኮከብና ነጥብ፣ «ጄ፣ ፒ፣ ጂ»፣ ቀጥሎ | እና «ሲ፣ ኤል፣ አይ፣ ፒ» ይጻፉ። የፎቶዎቹ ስም ዝርዝር ተቀድቶ ይጠብቅዎታል።

ዝርዝሩን በኤክሴል ሁለተኛ አምድ ላይ ይለጥፉ። በመጀመሪያው አምድ በየረድፉ «አር፣ ኢ፣ ኤን» ይግባ፤ ስም ቀይር ማለት ነው። በአራተኛው አምድ ላይኛው ረድፍ በ001 የሚያበቃውን አዲስ ስም ጽፈው የሳጥኑን ጥግ ወደ ታች ሲጎትቱ ቁጥሩ ራሱ 002፣ 003 እያለ ይቀጥላል። ሦስተኛው አምድ በእኩል ምልክት ጀምሮ የአራተኛውን አምድ ሳጥን በ& ከቅጥያው (በፋይሉ ስም መጨረሻ ከነጥብ በኋላ ከሚመጣው «ጄ፣ ፒ፣ ጂ») ጋር ያያይዛል፤ ቅጥያው ከነነጥቡ በእንግሊዝኛ ትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ይገባል።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት አምዶች ብቻ ቀድተው ኖትፓድ ላይ ይለጥፉ። አዲሱ ስም በአማርኛ ስለሆነ የመጀመሪያው መስመር «ሲ፣ ኤች፣ ሲ፣ ፒ»፣ ክፍት ቦታና 65001 መሆን አለበት፤ ይህ ከተረሳ ፊደሉ ተበላሽቶ ይወጣል። መጨረሻው መስመር ላይ «ፒ፣ ኤ፣ ዩ፣ ኤስ፣ ኢ» ካለ መስኮቱ ሳይዘጋ ስለሚቆይ ያልተሳካውን ረድፍ ማየት ይቻላል። ሲያስቀምጡ የፋይል ዓይነቱን «ሁሉም ፋይሎች»፣ ኢንኮዲንጉን (ፊደሉ የሚመዘገብበትን ዘዴ) ቦም (በፋይሉ መጀመሪያ የሚገባ ድብቅ ምልክት) የሌለበት ዩቲኤፍ-8፣ ቅጥያውን «ቢ፣ ኤ፣ ቲ» ያድርጉና ፋይሉን ከፎቶዎቹ ጋር አኑረው ሁለቴ ይጫኑ። የአማርኛው ስም በጥቁሩ መስኮት ላይ ባዶ ሳጥን መስሎ ቢታይ አያስደንግጥዎ፤ ፎልደሩ ውስጥ በትክክል ይነበባል።

በዚህ መንገድ የተቀየረ ስም በኮንትሮል ዜድ አይመለስም። ስለዚህ የኤክሴሉ ሠንጠረዥ አይጥፋ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው አምድ በኖትፓድ ቦታ ተለዋውጠው ሲቀመጡ ያው ፋይል የቀድሞውን ስም ይመልሳል።