የተበጠሰ ታይሚንግ ቤልት በአሮጌ ኮሮላ ላይ እንዴት ይቀየራል

ከአዘዞ ወደ ጎንደር ሽቅብ በመውጣት ላይ ያለ መኪና ጭስ ሳያወጣ፣ ሳይንገጫገጭ ሞተሩ በአንዴ ጸጥ ካለ፣ ቁልፍ ሲዞር ደግሞ ሞተሪኖው ከወትሮው ፈጥኖ በወጥ ድምፅ ብቻ የሚሽከረከር ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ታይሚንግ ቤልቱ ነው፤ ይህ ከክራንክ ሻፍቱ (ፒስቶኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ኃይል ወስዶ ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) የሚያዞር ባለ ጥርስ ቀበቶ ነው። ጤነኛ ሞተር ሲነሳ ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ያ ፒስቶኑ አየር ሲያምቅ የሚሰማ ትግል ነው። ካምሻፍቱ ከቆመ ግን የተወሰኑት ቫልቮች ክፍት ይቀራሉ፣ አየሩም የሚታመቅበት አያገኝም።

በዚህ ጊዜ ትልቁ ስህተት መኪናውን አስገፍቶ በማርሽ ለማስነሳት መሞከር ነው። ሚኒባሶችና ፒካፖች ላይ ያሉት 2ኤል፣ 3ኤል እና 5ኤል የናፍጣ ሞተሮች ቤልታቸው ሲበጠስ ፒስቶኑ ቫልቮቹን ይመታል። በተገፋ ቁጥር ጉዳቱ ይብሳል፤ ስለዚህ ቁልፉን እንኳ ደግመው አያዙሩ። የእነዚህ ሥራ ቤልት በመቀየር አያበቃም፤ ቴስታታው (ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተከፍቶ ቫልቮቹ መታየት አለባቸው። ዳሽቦርዱ ላይ ቲ-ቤልት የምትል መብራት ያላቸው መኪኖች መብራቷ ስትበራ ቤልቱ የመቀየሪያ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው።

ከዚህ በታች ያለው ሥራ ለ4ኤ-ኤፍኢ እና ለ5ኤ-ኤፍኢ የቤንዚን ሞተሮች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠሩ ብዙ ኮሮላዎች ላይ ይገኛሉ። በእነዚህ ሞተሮች ቫልቭና ፒስቶን አይገናኙም፤ ቤልት ቢበጠስ ሞተሩ ይተርፋል። መበጠሱን ለማረጋገጥ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ይዩ፣ ሌላ ሰው ለአንድ ሰከንድ ቁልፉን ያዙር። የሚታየው ካምሻፍት ንቅንቅ ካላለ ቤልቱ ተበጥሷል ወይም ጥርሱ ረግፏል።

ለግዢ ሲወጡ የሞተሩን ቁጥር ይያዙ፤ «የኮሮላ» ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። አሮጌውንም ቤልት ይዘው ሄደው ከአዲሱ ጋር ጥርሱን አንድ በአንድ ይቁጠሩ፣ ስፋቱንም ያስተያዩ። ከቤልቱ ጋር የመወጠሪያውን ኩሽኔታ፣ ሞላውን፣ የካምሻፍቱንና የክራንክ ሻፍቱን የፊት ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘውን የላስቲክ ቀለበት)፣ የቫልቭ ክዳኑን ጋስኬት ይግዙ። ውጭ ያሉት ቺንጋዎች ከተሰነጣጠቁ እነሱንም ይጨምሩ፤ ለማንኛውም መውረዳቸው አይቀርም። የውሃ ፓምፑ በዚህ ሞተር የሚዞረው በታይሚንግ ቤልቱ ሳይሆን በውጭው ቺንጋ ነው፤ ስለዚህ የግድ አይቀየርም። ውሃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን አሁኑኑ ይቀየር፣ የሚወጣው ውሃ ቤልቱ ላይ ነውና።

ጎንደር ተዳፋት የሚበዛባት ከተማ ስለሆነች መጀመሪያ ደልዳላ ቦታ ይፈልጉ፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ግራና ቀኝ ያስይዙ። የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍቱ። የቀኝ የፊት ጎማና ከሥሩ ያለው የጭቃ መከላከያ ይውጣ። የውጭ ቺንጋዎቹን፣ የውሃ ፓምፑን ፑሌጃ፣ አራቱን ካንዴላ፣ ከዚያም የቫልቭ ክዳኑን ያውጡ። ካንዴላ ማውጣት ትርፍ ሥራ አይደለም፤ ሞተሩ በእጅ ቀለል ብሎ እንዲዞርና ምልክቱ ላይ በትክክል እንዲቆም ያደርጋል።

ብዙ ሰዓት የሚበላው የክራንክ ፑሌጃው ባለ 19 ብሎን ነው። አምስተኛ ማርሽ ያስገቡ፣ ረዳትዎ ፍሬኑን አጥብቆ ይርገጥ፣ በረጅም እጀታ ወደ ግራ ይፍቱ። በሞተሪኖ ኃይል ለመፍታት መሞከር እጅ ይሰብራል። ብሎኑ ከላላ በኋላ ፑሌጃውን ወዲያው አይንቀሉ። ማርሹን ወደ ዜሮ መልሰው የፑሌጃውን ጭረት የታይሚንግ ቤልቱ ሽፋን ላይ ካለችው «0» ጋር ያገናኙ፣ ከዚያ ብቻ ፑሌጃውን ያውጡ። ከዘይት ካርተሩ ሥር ክሪክ በጣውላ ደግፈው የቀኙን የሞተር መያዣ ይፍቱ፤ አለዚያ ቤልቱ የሚያልፍበት መንገድ የለም። ሽፋኖቹ በባለ 10 ብሎኖች ተይዘዋል፤ ርዝመታቸው ስለሚለያይ ካርቶን ላይ በቅደም ተከተል ይሰኳቸው።

አሮጌውን ቤልት ከመጣልዎ በፊት ብርሃን ላይ ይያዙት። ጠርዙ እንደ ጨርቅ ከተተለተለ ኩሽኔታው ተዛብቷል። ጥርሱ በአንድ ስፍራ ተደርድሮ ከረገፈ አንድ ነገር ተጣብቆ ይዞታል ማለት ነው፤ ካምሻፍቱንና ኩሽኔታውን በእጅ አዙረው ይፈትሹ። ላስቲኩ ጠቁሮ ከራሰና ለጣት ከለሰለሰ ዘይት ነክቶታል። ዘይት የሚያፈስ ኦይል ሲል ላይ አዲስ ቤልት ማሰር ገንዘብ መጣል ነው፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ያንኑ ሥራ ይደግማሉ። ወደ መተማ ቆላ የሚመላለስ መኪና ደግሞ ላስቲኩ በሙቀቱ ቶሎ ስለሚደርቅ 100,000 ኪሎ ሜትር ሳይጠብቁ መቀየር ይሻላል።

ቤልቱ ስለተበጠሰ የካምሻፍቱና የክራንክ ሻፍቱ ቦታ ተለያይቷል። ይህ ብዙዎችን ያስጨንቃል፤ ነገሩ ግን ቀላል ነው። ክራንኩ «0» ላይ ሲሆን 1ኛውና 4ኛው ፒስቶን አብረው ላይ ናቸው፤ የትኛው እንደሚቀጣጠል የሚወስነው ካምሻፍቱ ነው። ለካንዴላዎቹ ብልጭታ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተርም የሚዞረው በካምሻፍት በመሆኑ አብሮ ይገጥማል። ስለዚህ ካምሻፍቱን ብቻ በመፍቻ ቁልፍ ቀስ አድርገው ያዙሩ፤ የካም ጊሩ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ቀዳዳ ከፊተኛው የካም መያዣ ምልክት ጋር ፊት ለፊት ስትሆን ያቁሙ። በቀዳዳዋ ሲያዩ ምልክቱ መሐል መታየት አለበት፤ ወደ ጎን ካዘነበለ ገና ነው። የታችኛውን የክራንክ ጊር ከብሎኩ ጋር በነጭ የጥፍር ቀለም ነጥብ ያድርጉበት፤ ሳያስቡት ቢነካ ቦታው አይጠፋም።

መወጠሪያውን ኩሽኔታ ወደ ግራ ገፍተው ለጊዜው ያጥብቁት። ቤልቱን አያጥፉት፣ አይጠምዝዙት፣ ወደ ውጭ አይገልብጡት፤ ውስጡ ያለው ክር ከተሰበረ ከላይ አይታይም። መጀመሪያ ታችኛው ጊር ላይ አስገብተው በቀኝ በኩል ወጥረው ወደ ካም ጊሩ ያምጡት፤ የተረፈው ልልነት ሁሉ በኩሽኔታው በኩል፣ ማለትም በግራ ይቅር። በቀኝ በኩል ከላላ ምልክቱ የገጠመ ይመስላል፣ ሞተሩ ሲዞር ግን በአንድ ጥርስ ያመልጣል።

አሁን የኩሽኔታውን ብሎን ያላሉ፤ ሞላው ራሱ ይወጥረዋል። በእጅ ተጭነው አያግዙት። የክራንኩን ብሎን መልሰው ሞተሩን በእጅ ወደ ቀኝ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩ፤ በፍጹም ወደ ግራ አይመልሱ። ሁለት ዙር የሚያስፈልገው ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ የሚዞረው ክራንኩ ሁለቴ ሲዞር ስለሆነ ነው። ሁለቱም ምልክቶች እንደገና ከገጠሙ የኩሽኔታውን ብሎን በ37 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ። ከኩሽኔታው ተቃራኒ ያለውን የቤልቱን ወገን በ2 ኪሎ ያህል ኃይል ሲጫኑት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር መግባት አለበት። ካልገጠመ ቤልቱን አውጥተው እንደገና ይጀምሩ፤ አንድ ጥርስ «ምንም አይልም» የሚል ሰው አይስሙ።

ጎንደር ላይ በተለይ ይህን ጥንቃቄ ማጥበቅ ያስፈልጋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩ ኃይሉን አንድ አምስተኛ ያህል አስቀድሞ አጥቷል። አንድ ጥርስ የሳተ ሞተርም ይነሳል፣ ይሄዳል፤ ድካሙ በከፍታው ይሳበብና ባለቤቱ ሊማሊሞ ላይ ሲደርስ ነው የሚቸገረው።

የክራንክ ፑሌጃው ብሎን የሚጠብቀው በ118 ኒውተን ሜትር ነው። ቶርክ ሬንች ከሌለ፣ በግማሽ ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ 24 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው። ይህ ብሎን ከላላ ፑሌጃውን ከክራንኩ ጋር የምታስረው ትንሽ ብረት ቤቷን ታሰፋለች፤ ከዚያ በኋላ የሚበላሸው ክራንክ ሻፍቱ ራሱ ነው። የቀረውን ከወጣበት በተቃራኒው ቅደም ተከተል ይመልሱ። ሞተሩ ተነስቶ ከሞቀ በኋላ የኢግኒሽን ታይሚንጉን (ብልጭታው የሚመታበትን ጊዜ) በታይሚንግ መብራት ይለኩ፤ የመመርመሪያው ሶኬት ቀዳዳዎች ቲኢ1 እና ኢ1 ተያይዘው 10 ዲግሪ ማሳየት አለበት። በመጨረሻም ቀኑንና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ንባብ በማይለቅ ቀለም ሽፋኑ ላይ ይጻፉ፤ መኪናውን ቀጥሎ የሚገዛው ሰው ሌላ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።