ሲተው ዳነ ማለትና ሌሎች ስህተቶች፦ ከመልቲፕል ስክለሮሲስ ጋር ስንኖር

የታናሽ እህቴ ግራ ዓይን በድንገት ደበዘዘ፤ ባንቀሳቀሰችው ቁጥርም ያማት ነበር። ከአምስት ሳምንት በኋላ በራሱ ጊዜ በራላት፤ እኛም ተመስገን ብለን ረሳነው። ዓመት ተኩል ቆይቶ ከወገቧ በታች ደነዘዘች። ኤም አር አይ ስትነሣ መልቲፕል ስክለሮሲስ መሆኑ ታወቀ። የሰውነት መከላከያ በገዛ አካሉ ላይ ተነሥቶ በአንጎል፣ በሕብለ ሰረሰርና በዓይን ነርቭ ላይ ያለውን ሽፋን የሚልጥበት ሕመም ነው። ከዚህ በታች የምጽፋቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን እኛው ቤት፣ እዚሁ ባሕር ዳር ሠርተናቸዋል።

የከፋው ስህተት ሲተው ዳነ ማለት ነው። በአብዛኛው ሕመምተኛ ላይ ሕመሙ መጀመሪያ ይነሣል፣ ይተዋል፣ ደግሞ ያገረሻል። መድኃኒቱ የሚሠራው በዚያ በጸጥታው ጊዜ ነው፤ ያለፈውን ጉዳት አይመልስም፣ የሚመጣውን ይቀንሳል። ስለዚህ የሚውጠው ሰው ጥቅሙ አይታየውም። እህቴ ጠበል ገብታ በተሻላት ሰሞን መድኃኒቷን አቆመች፤ በአራተኛው ወር ቀኝ እጇ ብርጭቆ ማንሣት አቃተው። ጠበሉን አልነቅፍም፣ እኔም እጠመቃለሁ። የምለምነው መድኃኒቱ አብሮ እንዲሄድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ክላድሪቢንን፣ ግላቲራመርንና ሪቱክሲማብን ለዚህ ሕመም በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል፤ የትኛው እንደሚገኝና እንደሚስማማችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ሪቱክሲማብ ከመጀመሩ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ አይዘለልም፤ ተኝቶ የቆየውን ቫይረስ ሊቀሰቅሰው ይችላልና።

ሁለተኛው፣ ድንዛዜን ሁሉ አንድ ስም መስጠት ነው። ለዓመታት ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል የራቀ ሰው ቫይታሚን ቢ12 ሲያንሰው እግሩ ይደነዝዛል፣ አረማመዱም ይዛባል። በጣና ዳር እየዋኘ ያደገ ልጅ ደግሞ ቢልሃርዚያ ሊይዘው ይችላል፤ አልፎ አልፎ የትሉ እንቁላል ሕብለ ሰረሰር ድረስ ደርሶ እግርን ያሰንፋል። ሁለቱም መድኃኒት አላቸው። ሐኪሙ የደምና የሰገራ ምርመራ ሲያዝ ገንዘባችንን ሊጨርስ ነው ብለን አጉረምርመን ነበር፤ ዛሬ አፍሬበታለሁ።

ሙቀትም ያሳስታል። በሚያዝያና በግንቦት ፀሐይ ከገበያ ስትመለስ ዓይኗ ይጋረድባታል፣ ጉልበቷም ይከዳታል። አገረሸ ብለን ስንት ቀን በባጃጅ ሮጠናል! ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ቪልሄልም ኡትሆፍ ይህንን እ.ኤ.አ. በ1890 ጽፎታል፤ የተጎዳ ነርቭ ሰውነት ሲሞቅ መልእክት ማስተላለፍ ይሳነዋል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ማገርሸት የሚባለው ትኩሳት ሳይኖር አዲስ ምልክት ከ24 ሰዓት በላይ ሲቆይ ነው። ትኩሳት ወይም ሽንት ላይ ማቃጠል ካለ መጀመሪያ ሽንት ይመርመር፤ ኢንፌክሽን የድሮውን ምልክት ሁሉ ይቀሰቅሳልና።

እናታችን «ተኚ ልጄ፣ እኔ እሠራዋለሁ» ትላት ነበር። ፍቅር ነው፤ ጡንቻዋ ግን በመተኛት ሰለለ። አሁን ፀሐይ ሳይበረታ ማለዳ በሐይቁ ዳር ትሄዳለች፣ ሲደክማት ከዛፍ ሥር ታርፋለች።

ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ዛሬውኑ ይተው፤ ለሕመሙ የመጋለጥ ዕድልንም፣ የሕመሙን መባባስም ይጨምራል።

ጥፋተኛ መፈለግም ይቅር። እናታችን በሕፃንነቷ ምን አበላኋት እያለች አልቅሳለች። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ፣ ከ10 ሚሊዮን በላይ አሜሪካውያን ወታደሮችን የተከታተለ ጥናት ከኤፕስታይን ባር ቫይረስ ጋር ጠንካራ ግንኙነት አግኝቷል፤ ይህን ቫይረስ ደግሞ አብዛኛው የዓለም ሕዝብ ተሸክሞታል፣ ከያዛቸው የሚታመሙት ጥቂቶች ናቸው።

በመጨረሻም «አታግቢ፣ አትውለጂ» የሚሏት ዘመዶች አሉ። ሕመሙ በእርግዝና መጨረሻ ወራት ረገብ ይላል፤ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ነው የሚያይለው። ስለዚህ መድኃኒቱን ከሐኪም ጋር ማስተካከል የሚገባው ከማርገዝ በፊት ነው። እህቴ በጥር ልትዳር ነው፤ ቀጠሮዋንም ከእጮኛዋ ጋር ይዛለች።